«ለኦፕሬሽን አይሆንም» ከተባለ በኋላ፦ ለሳንባ ካንሰር ያሉ ሌሎች ሕክምናዎች

ጥያቄ፦ አባቴ 61 ዓመታቸው ነው፤ ሲጋራ አጭሰው አያውቁም። ሳል አልለቅ ብሏቸው በራጅ ብቻ ታይተው የቲቢ መድኃኒት ተጀመረላቸው፤ አሁን አራተኛ ወራቸውን ይዘዋል። ለውጥ ሲጠፋ ወደ አዲስ አበባ አመጣናቸው። ሳንባቸው ውኃ ቋጥሮ ነበርና ሲቀዳ የካንሰር ሴል ተገኘበት፤ በባዮፕሲውም «አዴኖካርሲኖማ» ተባለ። ሐኪሙ ለኦፕሬሽን አይሆንም አሉን። ኬሞ ነገውኑ ይጀመር የሚል አለ፣ ጨረር ይገድላቸዋል የሚል አለ፤ ቨርጂኒያ ያለው ወንድሜ ደግሞ ኢሚውኖቴራፒ የሚባለውን እናስጀምራቸው፣ ካልሆነ ህንድ እንውሰዳቸው ይላል። ለእሳቸው ገና አልነገርናቸውም። ምን ብናደርግ ይሻላል?
ልጃቸው፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ እህታችን፣ ሐኪሙ ለኦፕሬሽን አይሆንም ያሉት ሕክምና ስለጠፋ አይደለም። ሳንባን ከሸፈነው ስስ ገበር በተቀዳ ውኃ ውስጥ የካንሰር ሴል ከተገኘ በሽታው ደረጃ 4 ይባላል። በዚህ ጊዜ ዋናውን ዕጢ ቆርጦ ማውጣት ገበሩ ላይ የተበተነውን አያስቀረውም፤ ለታካሚው የሚተርፈው የቁስሉ ሕመም ብቻ ነው። የሚያስፈልጋቸው መላ ሰውነትን የሚያዳርስ ሕክምና ነው። ይህ ደረጃ በአብዛኛው ጨርሶ አይድንም፤ ይህን ልንሸፍንብዎ አንፈልግም። ነገር ግን በመድኃኒት ለዓመታት ሊገታ የሚችል የሳንባ ካንሰር አለ። አባትዎ አዴኖካርሲኖማ የሚባለው የሳንባ ካንሰር ዓይነት ያለባቸውና ሲጋራ ያላጨሱ መሆናቸው፣ የእሳቸው በሽታ ያ ዓይነት ሊሆን የሚችልበትን ዕድል ከፍ ያደርገዋል።

ስለዚህ ገንዘቡን የት እናውለው ከማለታችሁ በፊት የዘረመል ምርመራውን አስጨርሱ። ባዮፕሲው ወደተሠራበት የፓቶሎጂ ክፍል ይሂዱና ናሙናው የተቀመጠበትን የፓራፊን ብሎክ ይጠይቁ። ብሎኩ ሥጋው በሰም ተይዞ የሚቀመጥበት ትንሽ ቁራጭ ነው፤ ስላይዱ ከእሱ የተላጠ ስስ ቅጠል እንጂ ራሱ ብሎኩ አይደለም። ብዙ ቤተሰብ ስላይዱንና የውጤት ወረቀቱን ብቻ ይዞ ሌላ አገር ይደርስና ምርመራው ሳይሠራ ይቀራል። ብሎኩ ላይ መታየት ያለባቸው በቅድሚያ ኢጂኤፍአር፣ ኤኤልኬ እና ሮስ ዋን የሚባሉት የዘረመል ለውጦች፣ ከእነሱም ጋር ፒዲ ኤል ዋን የሚባለው ፕሮቲን ናቸው። አቅም ካለ ቢራፍ፣ ኬራስ፣ ሜት፣ ሬት፣ ኸር ቱ እና ኤንትራክ አብረው ይታያሉ። ሁሉም እዚሁ ካልተሠሩ ናሙናው ወደ ውጭ ላቦራቶሪ ይላካል። ውጤቱ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል የላኪው ላቦራቶሪ ሰነድና የናሙናው ቁጥር በእጅዎ ይኑር።

ናሙናው አነሰ ከተባሉ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ከሳንባው የሚቀዳው ውኃ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ሲቀዳ ከመደፋቱ በፊት ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ወደ ፓቶሎጂ እንዲላክና «ሴል ብሎክ» (በውኃው ውስጥ ያሉት ሴሎች ተሰብስበው በሰም የሚያዙበት) እንዲሠራበት ሐኪሙን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ይህ ብዙ ጊዜ ለዘረመል ምርመራ ይበቃል። ሌላው የደም ምርመራ ነው። በደም ውስጥ ለውጡ ከተገኘ ይታመናል፤ አልተገኘም ማለት ግን የለም ማለት አይደለምና በዚያ ብቻ ተስፋ አይቁረጡ። ባዮፕሲው መደገም ካለበትም «ከነኩት ይዛመታል» በሚለው ወሬ አትከልክሉ። የሳንባ ካንሰር በናሙና መውሰጃ መርፌ ምክንያት የሚዛመትበት አጋጣሚ እጅግ ጥቂት ነው፤ ያለምርመራ የሚባክነው ጊዜ የሚያደርሰው ጉዳት ከዚያ ይበልጣል።

የኢጂኤፍአር ለውጥ ከተገኘ የመጀመሪያ ምርጫው በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን ነው። ዛሬ የሚመረጠው ኦሲመርቲኒብ ሲሆን መጠኑ በቀን አንድ ጊዜ 80 ሚሊ ግራም ነው፤ ከምግብ ጋርም ያለምግብም ይወሰዳል። ፍላውራ በተባለው ጥናት ይህን መድኃኒት በመጀመሪያ ሕክምናነት ከወሰዱት ታካሚዎች ግማሾቹ ከ3 ዓመት በላይ ኖረዋል። ወደ አንጎል በደንብ ስለሚገባም አንጎል ላይ ያለውን በሽታ ይይዛል። ዋጋው ካልተቻለ ኤርሎቲኒብ በቀን 150 ሚሊ ግራም ወይም ጌፊቲኒብ በቀን 250 ሚሊ ግራም በቂ መነሻ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ ያስገባቸው ናቸው። እነዚህ ብዙውን ጊዜ ከ9 እስከ 13 ወር ገደማ ይሠሩና በሽታው ይላመዳቸዋል። ያኔ ከታካሚዎቹ በግማሽ ያህሉ ላይ ቲ790ኤም የሚባል አዲስ ለውጥ ይገኛል፤ ለእነዚህ ኦሲመርቲኒብ እንደገና በር ይከፍታል።

ኤርሎቲኒብ በባዶ ሆድ ነው የሚዋጠው፤ ምግብ ከመብላት 1 ሰዓት በፊት ወይም ከበሉ 2 ሰዓት በኋላ። ኤርሎቲኒብና ጌፊቲኒብ እንዲመጠጡ የጨጓራ አሲድ ያስፈልጋቸዋል። ለጨጓራ ተብሎ ኦሜፕራዞል የሚወሰድ ከሆነ መድኃኒቱ በደም ውስጥ ይቀንሳል፤ አባትዎ ጨጓራ አለባቸውና ኦሜፕራዞል ይውሰዱ የሚል ሰው አይጠፋም ብለን እንጠረጥራለንና ለሐኪሙ ይንገሩ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ፊትና ደረት ላይ ብጉር የመሰለ ሽፍታ ይወጣል። ይህ አለርጂ አይደለም፤ ብዙዎች ግን ተቆጥቶባቸው መስሏቸው መድኃኒቱን ያቆማሉ። ከፀሐይ መከለል፣ ሽታ የሌለው ቅባት መቀባት፣ ሐኪሙ የሚያዘው የሃይድሮኮርቲዞን ቅባትና ዶክሲሳይክሊን ያሻሽሉታል። ተቅማጥ ከመጣ ሎፔራማይድ መጀመሪያ 4 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ 2 ሚሊ ግራም ይወሰዳል፤ በ24 ሰዓት ከ16 ሚሊ ግራም አይለፍ። አዲስ የትንፋሽ እጥረት ወይም ደረቅ ሳል ከመጣ ግን ኪኒኑን በዚያው ቀን አቁመው ሆስፒታል ይድረሱ፤ መድኃኒቱ ሳንባን አስቆጥቶ ሊሆን ይችላል።

የቲቢው መድኃኒት ጉዳይ ከሁሉ በላይ ያሳስበናል። ሽንትን ብርቱካናማ የሚያደርገው ሪፋምፒሲን ጉበትን እያሠራ የኤርሎቲኒብንም የኦሲመርቲኒብንም መጠን ከግማሽ በላይ ያወርዳል። ሪፋምፒሲንና የካንሰሩ ኪኒን አብረው ከተዋጡ ቤተሰቡ ውድ መድኃኒት ገዝቶ በሽታው ሲያድግ ያያል፤ ከዚያም «አልሠራም» ይባላል። አክታ ቲቢን በሚለየው በጂን ኤክስፐርት ማሽን ይመርመር፤ የተቀዳውም ውኃ ለቲቢ ይታይ። የቲቢ ሐኪሙና የካንሰር ሐኪሙ ተነጋግረው ወይ መድኃኒቱን ያቆማሉ፣ ወይ በሌላ ይተካሉ፣ ወይ ቅደም ተከተል ያበጃሉ። እናንተ ግን በራሳችሁ አታቁሙት፤ ቲቢና ካንሰር አንድ ሳንባ ውስጥ አብረው የሚገኙበት ጊዜም አለ።

የተገኘው ኤኤልኬ ከሆነ አሌክቲኒብ 600 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ከምግብ ጋር፣ ወይም ሎርላቲኒብ ይሰጣል። ክራውን በተባለው ጥናት ሎርላቲኒብ ከጀመሩት 60 በመቶ ያህሉ ከ5 ዓመት በኋላም በሽታቸው አልገፋም ነበር፤ በደረጃ 4 የሳንባ ካንሰር ይህን ያህል የቆየ ውጤት ከዚያ በፊት አልታየም። ምርመራውን አስጨርሱ ብለን የምንወተውተው ለዚህ ነው።

ወንድምዎ ያሉት ኢሚውኖቴራፒ ጥሩ መድኃኒት ነው፣ ጊዜው ግን አሁን አይደለም። ፔምብሮሊዙማብና መሰሎቹ የሰውነት መከላከያ ካንሰሩን እንዲያጠቃ ያደርጋሉ፤ ፔምብሮሊዙማብ በየ3 ሳምንቱ 200 ሚሊ ግራም በደም ሥር፣ እስከ 2 ዓመት ይሰጣል። ፒዲ ኤል ዋን 50 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነባቸው፣ ኢጂኤፍአርና ኤኤልኬ በሌለባቸው ሰዎች ብቻውን ሲሰጥ ከ5 ዓመት በኋላ ከሦስቱ አንዱ ያህል በሕይወት ነበሩ፤ በኬሞ ከተጀመሩት ግን በሕይወት የነበሩት የዚህን ግማሽ ያህል ብቻ ነበሩ። ሲጋራ ባላጨሰና ኢጂኤፍአር ባለበት ሰው ግን ፒዲ ኤል ዋኑ ከፍ ቢልም መድኃኒቱ ደካማ ነው። የባሰው ደግሞ ከኢሚውኖቴራፒ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ኦሲመርቲኒብ ሲጀመር ከባድ የሳንባ ቁጣ የሚመጣባቸው ሰዎች መኖራቸው ነው፤ ኢሚውኖቴራፒው ሰውነት ውስጥ ለወራት ይቆያልና የተሰጠውን መልሶ ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ የዘረመል ውጤቱ እስኪመጣ ወንድምዎ ይታገሡ። ውጤቱ መጥቶ ኢሚውኖቴራፒ የሚገባቸው ከሆነ መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ሳይቋረጥበት መድረስ አለበት፤ በሻንጣ የሚላክ ነገር አይደለም። ኪኒኖቹ ማቀዝቀዣ አይፈልጉም፤ ሆኖም ቢያንስ የሁለት ወር መጠባበቂያ ሳይያዝ አይጀመሩ። በቴሌግራም የሚሸጠውን አትግዙ፤ ፋርማሲው ደረሰኝና የማምረቻ ቁጥር የሚሰጥ ይሁን።

በኢሚውኖቴራፒ ላይ ያለ ሰው ተቅማጥ ቢይዘው አሜባ ነው ተብሎ፣ ቢያስለው ቲቢ ነው ተብሎ ሕክምናው እንዳይዘገይ ይጠንቀቁ። መከላከያው አንጀትን ወይም ሳንባን ሲያጠቃ ነው ብዙ ጊዜ እንዲህ የሚሆነው፤ ፕሬድኒሶሎን በፍጥነት መጀመር ሕይወት ያተርፋል። መድኃኒቱ ከቆመ ከወራት በኋላም ሊመጣ ይችላል። የመድኃኒቱ ስም የተጻፈበት ካርድ በታካሚው ኪስ ይኑር፤ የሚያየው ተረኛ ሐኪም የካንሰር ሐኪም ላይሆን ይችላልና።

ኬሞ ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። ትንፋሹ የከበደው ሰው ውጤት እስኪመጣ መጠበቅ ካልቻለ የመጀመሪያው ዙር ያለ ኢሚውኖቴራፒ ሊጀመር ይችላል፤ ይህን ሐኪማችሁን ጠይቁ። ለአዴኖካርሲኖማ የተለመደው ካርቦፕላቲን ወይም ሲስፕላቲን ከፔሜትሬክሲድ ጋር በየ21 ቀኑ፣ ከ4 እስከ 6 ዙር ነው። ፔሜትሬክሲድ ያለ ቫይታሚን ከተሰጠ ነጭ የደም ሴልን ክፉኛ ያወርዳል፣ አፍንም ያቆስላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ዙር ቢያንስ ከ5 ቀን በፊት ጀምሮ በየቀኑ ፎሊክ አሲድ ከ350 እስከ 1000 ማይክሮ ግራም፣ ከአንድ ሳምንት በፊት ደግሞ ቫይታሚን ቢ12 1000 ማይክሮ ግራም በመርፌ፣ ከዚያም በየ9 ሳምንቱ ይወሰዳል። ዴክሳሜታዞን 4 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ከኬሞው ቀን ዋዜማ ጀምሮ እስከ ማግስቱ ለሦስት ቀን ይሰጣል። አሁኑኑ ይጀመር ሲባል የሚዘለለው ይኸው ዝግጅት ነው፤ ሰነዱ ላይ ካላዩት ይጠይቁ። ፔሜትሬክሲድ ስኳመስ ለሚባለው ሌላ የሳንባ ካንሰር ዓይነት አይሆንም፤ ያ ዓይነት ያለባቸው ፓክሊታክሴል ወይም ጀምሲታቢን ይሰጣቸዋል። ሲስፕላቲን ኩላሊትንና ጆሮን ይጎዳል፤ ከመድኃኒቱ በፊትና በኋላ በደም ሥር ፈሳሽ በብዛት የሚሰጠው ኩላሊትን ለመጠበቅ ነው።

ከኬሞው በኋላ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ድረስ ቤት ውስጥ ቴርሞሜትር ይኑር። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ከመጣ በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰዱ። ፓራሲታሞል ሰጥቶ እስኪነጋ መጠበቅ ሰው የሚገድል ስህተት ነው፤ ነጭ የደም ሴሉ ወርዶ ከሆነ አንቲባዮቲክ በአንድ ሰዓት ውስጥ በደም ሥር መጀመር አለበት። በእነዚያ ቀናት ቀዝቃዛ ጠበል መጠመቅን ያቆዩ፤ ጸሎቱንና መባረኩን ማንም አይከለክልም። ስለ ጾሙም ከንስሐ አባታቸው ጋር ይነጋገሩ፤ ታካሚ ሥጋና እንቁላል ቢተው ክብደቱ ወርዶ ኬሞው ሊቆምበት ይችላል። ዳማከሴ፣ ጥቁር አዝሙድና የተቀመሙ ሥራ ሥሮችን ከመድኃኒቱ ጋር እንዳትሰጧቸው፤ ጉበት ሲቆጣ ሐኪሙ የትኛው እንዳደረገው ማወቅ አይችልም።

ጨረር ይገድላቸዋል የሚለው ከእውነት የራቀ ነው። ከውጭ የሚሰጥ ጨረር በሰውነት ውስጥ አይቀርም፤ ታካሚው ሕክምናውን ጨርሶ ሲወጣ የልጅ ልጆቹን ማቀፍ ይችላል። ለአባትዎ አሁን ዋናው ሕክምና አይደለም፤ አጥንታቸውን ቢያማቸው፣ ደም ያለው አክታ ቢበዛ ወይም ዕጢው የመተንፈሻ ቱቦ ቢጫን ግን ትልቅ እፎይታ ይሰጣል። ለአጥንት ሕመም አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ 8 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ለደረት 20 ግሬይ በ5 ቀን ይከፈላል። ድንገት እግር መዛል ወይም የጀርባ ሕመም ብሶ ሽንት አልወጣ ማለት ከመጣ ሕብለ ሰረሰር እየተጫነ ሊሆን ይችላልና በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይድረሱ፤ ቀን አይቆጠርም።

በሌላ ደረጃ ላይ ላላችሁ አንባቢዎች ደግሞ ጨረር ከዚህ የበለጠ ይሠራል። ዕጢው ከ5 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ ወደ ንፍፊት ያልሄደ፣ ነገር ግን ልብ ወይም ትንፋሽ ለኦፕሬሽን የማይፈቅድለት ሰው በተነጣጠረ ጨረር በ3 እስከ 5 ቀጠሮ ይታከማል፤ ከአሥሩ በዘጠኙ ያህል ዕጢው ባለበት ይቆማል። ደረጃ 3 ላይ 60 ግሬይ በ30 ቀጠሮ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ለ6 ሳምንት፣ ከኬሞ ጋር ጎን ለጎን ይሰጣል። ከዚያ ዱርቫሉማብ የተባለው ኢሚውኖቴራፒ እስከ 12 ወር፣ ኢጂኤፍአር ላለበት ደግሞ ኦሲመርቲኒብ ይቀጥላል፤ እዚህ ደረጃ ላይ የሚድኑ ሰዎች አሉ። ጥቁር አንበሳ ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ማዕከል ነበር፤ አሁን ጅማን የመሰሉ ማዕከሎች ተጨምረዋል። ከክፍለ ሀገር የምትመጡ ማረፊያችሁን ለሙሉ 6 ሳምንት ሳታዘጋጁ አትጀምሩ፤ መሐል ላይ የሚዘለሉ ቀናት ዕጢው እንዲያገግም ዕድል ይሰጡታል። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ መዋጥ ያማል፤ በርበሬና ትኩስ ቡና ይቅር፣ ቀዝቀዝ ያለ አጥሚት፣ ገንፎና እርጎ ይሁን። ጨረሩ ካበቃ ከ1 እስከ 6 ወር ውስጥ የሚመጣ ደረቅ ሳል ከጨረሩ የመጣ የሳንባ ቁጣ ሊሆን ይችላል፤ በፕሬድኒሶሎን ይታከማል። ትናንሽ ሴል የሚባለው የሳንባ ካንሰር ደግሞ ከመነሻውም በአብዛኛው በኬሞና በጨረር እንጂ በቀዶ ሕክምና አይታከምም።

ወደ አባትዎ ስንመለስ፣ ውኃው በሚቀዳበት ቀን በአንድ ጊዜ ከ1.5 ሊትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ ሳንባው በድንገት ሲዘረጋ ራሱ ውኃ ሊሞላ ይችላል። እየተመላለሰ የሚሞላ ከሆነ በየሳምንቱ ከመውጋት ይልቅ በገበሩ መሐል ታልክ የሚባል ዱቄት ጨምሮ ማጣበቅ ወይም ቤት ሆኖ የሚቀዳበት ቀጭን ቱቦ ማስገባት ይቻላል። ለሕመምና ለትንፋሽ እጥረት የሚዋጥ ሞርፊን ብትፈሩትም አትከልክሏቸው፤ በትክክለኛ መጠን ሱስ አያስይዝም፣ ሞትንም አያፋጥንም። ለትንፋሽ 2.5 ሚሊ ግራም ያህል ይጀመራል። ድርቀት ስለሚያመጣ የሆድ ማለስለሻ ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ይታዘዝ። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ደረጃ 4 የሳንባ ካንሰር ያለባቸው ሰዎች የማስታገሻ ሕክምናን ከመጀመሪያው ጀምረው ሲያገኙ በተሻለ ስሜት መኖራቸውን፣ ዕድሜያቸውም ወደ ሦስት ወር ያህል መርዘሙን አሳይቷል። አዲስ አበባ ውስጥ ሆስፒስ ኢትዮጵያ በዚህ ሥራ ይታወቃል።

ለእሳቸው መንገር ያስፈልጋል። የሚዋጠውን ኪኒን ለምን እንደሚውጡ የማያውቁ ሰው ሽፍታ ሲያዩ ይተዉታል፣ ትኩሳቱንም «ብርድ ነው» ብለው ይደብቁታል። ሁሉንም በአንድ ቀን ማፍሰስ የለባችሁም። የሚቀርቧቸው ሽማግሌ ወይም የንስሐ አባታቸው ባሉበት፣ ሐኪሙ «ሕመምዎን ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?» ብለው ይጀምሩ፤ የሚጠይቁትን ያህል ይመለስላቸው። ብዙ አባቶች ቀድመው ጠርጥረው ለልጆቻቸው ብለው ዝም ያሉ ናቸው።

ህንድን በተመለከተ፣ መጀመሪያ ሰውየው ሳይሆኑ ሰነዶቹ ይሂዱ፦ የፓቶሎጂ ውጤት፣ ሲቲ ስካኑ በሲዲ፣ የአንጎል ኤምአርአይ፣ የኩላሊትና የጉበት ምርመራ፣ የቲቢ መድኃኒት ካርድ። ብሎኩንም ለዘረመል ምርመራ መላክ ይቻላል። ኢጂኤፍአር ወይም ኤኤልኬ ከተገኘ ሕክምናው ኪኒን ነውና ጉዞው ራሱ ላያስፈልግ ይችላል፤ የቲኬቱና የሆቴሉ ገንዘብ የብዙ ወር መድኃኒት ይገዛል። መሄድ ግድ ከሆነ ከበረራው በፊት ውኃው ይቀዳ፣ የደም ኦክስጅናቸው ይለካ፣ ኦክስጅን ከፈለጉም ለአየር መንገዱ ከቀናት በፊት ይነገር። ለወንድምዎ ዛሬ የሚያስተላልፉት መልእክት የብሎኩን ምርመራ ክፍያ እንዲሸፍኑ ነው፤ ሌላው ወጪ ውጤቱን ተከትሎ ይወሰን።